ማስተዋልን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች

የልጅ ልጄ ማስተዋል አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። አባቷ፣ የእኔው ልጅ፣ «ያን ያህል ርቃ አትሄድም፤ እዚሁ ባል ታገባለች» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ተማሪዎቹን ስለ ወደፊታቸው የሚያማክራቸው አስተማሪ ቤት ድረስ መጥቶ ቢለምነው፣ ከበር መለሰው። ልጅቷ እህል አልቀምስ አለች።

እኔ ደግሞ ለጎረቤቴ ለአጸደ በጆሮዋ፣ «ባለወፍጮው ለማስተዋል ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ልጄም ሰምቶ ጢሙን ተላጨ።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል።

«ተቀመጡ እንጂ» አላቸው ልጄ።

«የመጣንበትን እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

«ለእናንተማ እንቢ አልልም። ሰጥቻለሁ፣ ሰፈሩም ይስማ። በሉ ተቀመጡ።»

መረቁትና ተቀመጡ። የተከናነበው ሰውዬ ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ ለካ ያ አስተማሪ ነው።

ልጄ ግራ ገብቶት፣ «አንተ ደግሞ የባለወፍጮው ምኑ ነህ?» አለው።

«እሱን እንኳ አላውቀውም» አለ አስተማሪው። «እኛን የላከችን ማስተዋል ናት፤ ጅማ ሄዳ ልትማር።»