የሃምሳ አለቃው ስም ጥሪ

ብቻቸውን የሚኖሩት ሃምሳ አለቃ በየማለዳው ግቢያችን መሀል ቀጥ ብለው ቆመው፣ ካራማራ ላይ የወደቁትን የአስራ ሰባት ጓዶቻቸውን ስም ይጠሩ ነበር። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ጥቂት ይጠብቁና ራሳቸው ይመልሳሉ።

“የለም! ለአገሩ ወድቋል!”

“ኧረ ሃምሳ አለቃ፣ ያስተኙን!” ብላ አከራያችን ጥሩዬ በመስኮት ትጮኻለች።

“አንቺ በነፃ አገር እግርሽን ዘርግተሽ የምትተኚው እነሱ ስለወደቁ ነው!” ይሏትና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ወጥቶ አብሯቸው የቆመ ሰው ግን አልነበረም።

ባለፈው ማክሰኞ ግቢው ዝም አለ። በራቸውን አስከፍታ ሞተው ያገኘቻቸው ጥሩዬ ናት።

ቀብራቸው ላይ አንድም ዘመድ አልመጣም። ቄሱ ለፍትሐቱ፣ “የክርስትና ስማቸው ማን ነው?” ብለው ጠየቁ። ያን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ስንሆን አንዳችንም ጠይቀናቸው አናውቅም።

ጥሩዬ ያዘቀዘቀችውን ነጠላ ሰብሰብ አድርጋ ወደ ሳጥኑ ተጠጋች።

“የሳቸውን አናውቅም፣ አባ። የጓዶቻቸውን ግን ልንገርዎት” አለችና ያለ ወረቀት ጀመረች።

“አስር አለቃ ጓንጉል ላቀው!”

ቀብርተኛው በሙሉ ባንድ ድምፅ መለሰ፤

“የለም! ለአገሩ ወድቋል!”