ከበሮ የገባበት ሙሾ

«ዘፋኟ እኔ፣ ወንበር የሚቀርብላት እሷ!» አለች ዳሲቱ፣ ገና ከበሩ ሳታልፍ። «ጉድ እኮ ናችሁ። ስትፈልጉኝ አቃቂ ድረስ ትመጣላችሁ፣ ስመጣ ቆሜ እንድቀር።»

ሙዚቃ አቀናባሪው ጌዲዮን ሳቀ። ወንበሩን ለፀሐይቱ የሰጠው ምርኩዝ ስለያዘች ነበር። አንድ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ጋደም አደረገና በእጁ አቧራውን ጠረገ። «ይኸው እማማ፣ ይሄኛው የኮከብ መቀመጫ ነው።»

«አትሸንግለኝ። ይልቅ ዘፈኔን ክፈተውና ይቺ ሴትዮ ትስማ፤ አፏ ይያዝልኝ።»

ፀሐይቱ ስቱዲዮ የተባለችውን ጠባብ ሰርቪስ ቤት ዞር ዞር ብላ አየች። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ተለብጧል። «ልጁ እንቁላል ነጋዴ ነው እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«ድምፅ እንዳይወጣ ነው፣ አላዋቂ!» አለቻት ዳሲቱ፤ እሷም ያወቀችው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው።

ዳሲቱ ለቅሶ ቤት ከገባች ከሳሪስ አቦ እስከ አቃቂ ዓይኑ ደርቆ የሚወጣ ሰው የለም። ግን አስለቃሽን ማን ዘፋኝ ይላል? በደርግ ጊዜ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ስትሠራ የቀበሌው ኪነት ቡድን ፈትኗት፣ «ፊደል ያልቆጠረች ሰው ግጥም ከወረቀት እንዴት ታነባለች» ብሎ መልሷታል። ያቺ ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ አልተዋጠችላትም። እና ጌዲዮን መጥቶ ለዘፋኙ ለአብርሽ አዲስ አልበም መክፈቻ የድሮ ሴት ድምፅ እፈልጋለሁ ሲላት፣ ለእድርተኛው በሙሉ አወራች። የአርባ ዓመት ጎረቤቷ ፀሐይቱ ግን «አንቺ? በሲዲ? ሲዲው ይሰነጠቃል!» ብላ ሳቀችባት። ዛሬ ጎትታ ያመጣቻት ለዚህ ነው።

ጌዲዮን ኮምፒውተሩ ላይ የተጋደሙትን ባለቀለም መስመሮች አሳያቸው። «ሰማያዊዋ እርስዎ ነዎት እማማ። ሳልዎትን አወጣሁት፤ የተንቀጠቀጠውን አቃናሁት። ከዚያ አንዱን ድምፅ እላዩ ላይ ደራረብኩትና የገደል ማሚቶ ሰጠሁት። አንድ ሴት ነበሩ፣ አሁን አርባ ሆነዋል።»

«ሰማሽ? አርባ!»

ከበሮው ቀደመ። እግር የሚያነሳ፣ ሰርግ ቤት የሚመስል። ቀጥሎ የዳሲቱ ድምፅ መጣ፤ ሃምሳ ዓመት የተቀነሰለት፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ። አገጯን ቀና አድርጋ ወደ ፀሐይቱ ዞረች።

«አያናዬ» አለ ድምፁ። ድም! «አያናዬ።» ድም! «አያናዬ። አያናዬ።»

የጌዲዮን ትከሻ አብሮ ተነቃነቀ። «ይቺን ቃል ብቻ ቆርጬ ደጋገምኳት። አዝማቹ እሷ ናት። በየታክሲው ሕዝቡ የሚጨፍረው በሷ ነው!»

አያና የፀሐይቱ ልጅ ነበር። አንድ ልጇ። ካቻምና ጅቡቲ መንገድ ላይ ከነመኪናው ተገልብጦ ሞተ። ዳሲቱ ድንኳኑ ውስጥ ቆማ፣

«የጎማህ ምልክት ከደጅ ሳይጠፋ፣
አያናዬ፣ አንተን ምን መንገድ አጠፋ?»

ስትል እንኳን ዘመዱ፣ መንገደኛው ተንሰቅስቋል።

ፀሐይቱ ምርኩዟን በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች።

«ዝጋው!» ጮኸች ዳሲቱ። «ማን ቆራርጥ አለህ? ማን ጨፍርበት አለህ፣ አንተ ባለጌ!»

ጌዲዮን ዘጋው። ግራ ገብቶታል። «እማማ፣ ጠይቄዎት ነበር እኮ። ስሙ የማን ነው ስልዎት፣ የማንም አይደለም፣ እንዲሁ አፌ ላይ የመጣ ነው አሉኝ።»

እውነቱን ነው። ብላለች። ሙሾ ያለ ሟች አይወጣም፤ ያን ቀን ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ብታምጥ ብታምጥ ጉሮሮዋ አልከፈት አለ። ከመስታወቱ ማዶ ልጁ ሰዓቱን ሲያይ፣ እንደ ኪነቶቹ ሊመልሰኝ ነው ብላ ፈራች። ከሬሳ ሁሉ መርጣ አያናን ጠራችው፤ እሱን ስትጠራ ድምፅ እንደማያንሳት ታውቃለችና። ልጁ ትንሽ ነው የምወስደው ስላላት፣ ስሙ ሳይገባ ይቀራል ብላ ራሷን አታለለች።

የማንም አይደለም። ወልዳ የቀበረችው ሴት እዚህ ተቀምጣለች።

ሰው በምላሷ የምትገርፈው ዳሲቱ ፀሐይቱን ቀና ብላ ማየት አቅቷት የገዛ ጫማዋን፣ የተቀደደውን ላስቲክ ታይ ጀመር።

«ችግር የለም፣ ስሙን ላወጣው እችላለሁ» አለ ጌዲዮን ፈጠን ብሎ። አንድ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገና መልሶ ከፈተው። ስሙ በነበረበት ከበሮ ብቻ መታ። «ይኸው፣ አይታወቅም።»

ያኔ ፀሐይቱ ተናገረች፤ ቀስ ብላ። «ስታወጣው የት ትጥለዋለህ?»

«ምኑን እማማ?»

«ስሙን።»

ጌዲዮን ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ።

ዳሲቱ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። «ከበሮህን አጥፋ» አለችው። «ያን ቀን ያልኩትን እንዳለ፣ ሳሉንም ሳትነካ በካሴት ገልብጥና ለሷ ስጣት፤ ልጇ ነው። ከዘፈኑ ግን እኔን አውጣኝ።»

«እማማ፣ ስምዎ እኮ ሽፋኑ ላይ ሊታተም ነው! በትልቁ!»

ዳሲቱ ስሟ ተጽፎ አይታ አታውቅም፤ ቢጻፍም አታነበውም፤ ግን ሌላው ያነበዋል።

«እሱንም አውጣ» አለች፤ አሁን ፀሐይቱን እያየች። «ድምፄንም፣ ስሜንም። አሁኑኑ፣ እሷ ፊት።»