ከሾፌሩ ወንበር ስር

ዳዶው አልፈታም አለ። ልጅቱ ሚኒባሱ ስር በጀርባዋ ተኝታ፣ እግሯን ጎማው ላይ አስደግፋ፣ የብሎን መፍቻውን በሁለት እጇ ይዛ እንደገና ሳበች። የዝገት ብናኝ ዓይኗ ላይ ዘነበ። «እምቢ ካልክ እኔም እምቢ ነኝ» አለችው፣ ዳዶውን፣ እንደ ሰው።

«ማንን ነው የምትቆጪው?» አሉ አባቷ። ጋራዡ በር ላይ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሾፌር ነበሩ። «ነበሩ» ማለት የተጀመረው ግን ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

ያኔ፣ መብራት ይዟቸው እንደቆሙ፣ መሪው ላይ ድፍት ብለው አንቀላፉ። ተሳፋሪዎች ናቸው ትከሻቸውን ነቅንቀው የቀሰቀሷቸው። ከዚያም በፊት ራሳቸውን ያማቸው፣ ያቅለሸልሻቸው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የረዳታቸው ስም ይጠፋባቸዋል። ሐኪሙ ግፊታቸውን ለካ፣ ዕድሜያቸውን ጠየቀ፣ «እንግዲህ እርጅና ነው» አለ። ታላቅ ልጃቸው ወዲያው ለሚኒባሱ ገዢ ፈለገ፤ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ይዞት ይመጣል። አባትየው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ልጅቱን ያንገበገባት እሱ ነው። በትንሹም በትልቁም የሚሟገቱ ሰውዬ፣ እንጀራቸው ሲሸጥ ዝም አሉ።

ትናንት፣ ለገዢው እንዲያምር ወንበሮቹን ልትጠርግ ገብታ ሞተሩን አስነሳችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭንቅላቷ ከበደ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «ይሄም እርጅና ነው?» አለች ለራሷ። ጠዋት መኪናውን በክሪክ አነሳችው።

ማርሚታው፣ የጭሱ ድምፅ ማፈኛ፣ ባለፈው ዓመት ጉብታ መትቶ ሲወልቅ፣ አንዱ መንገድ ላይ በሽቦ ጠፍሮ ሰቅሎት ኖሯል። ወደ ግራ ተንጋዶ የጭሱን ቱቦ በሙሉ ጠምዝዞታል። የፊተኛው መጋጠሚያ አፉን ከፍቷል፤ በላዩ፣ ልክ ከሾፌሩ ወንበር ስር፣ ወለሉ ጥላሸት ለብሷል። ከጥላሸቱ መሃል ጣት የሚያስገባ የዝገት ቀዳዳ አለ። ጣቷን ስትሰድ የወንበሩን ስፖንጅ ነካች።

ዳዶው በመጨረሻ ቋ! አለና ተፈታ።

ሽቦውን ቆርጣ ጣለች። ቀዳዳውን በላሜራ ደፈነች። መጋጠሚያው መሃል አዲስ ጋስኬት አስገብታ፣ ማርሚታውን በአዲስ ላስቲክ ሰቀለች።

«ያዝ አድርገሽ አጥብቂውና ውጪ» አሉ አባቷ። «ለሚሸጥ መኪና ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?»

«አንዱን ቀድሜ ካጠበቅኩት ሌላው ይጣመማል፣ አባባ። መጀመሪያ ሁሉም ላላ ብሎ ቦታውን ይያዝ።»

በመዳፏ ቱቦውን ገፋ፣ መለስ አደረገችው። ከወለሉ በጣት ስፋት ራቀ። ከአክስሉም ራቀ። ከዚያ ከሞተሩ በኩል ጀምራ፣ ትንሽ በትንሽ፣ እስከ ጭራው አጠበቀች።

ወንድሟ ከገዢው ጋር ሲደርስ የሚታየው እግሯ ብቻ ነበር።

«ምንድን ነው የምትሠሪው? ሰውየው እኮ ቆሟል!»

«ወንበር ስጠው።»

«አባባ አርጅተዋል። ሐኪሙ የተናገረውን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። አሁን አንተ ደግሞ ተኛና እይ።»

ነጭ ሸሚዙን አየ፣ ዘይት የጠጣውን መሬት አየ። ከዚያ ተንበረከከ፤ አንገቱን ሰዶ፣ ጥላሸቱ የት ድረስ እንደወጣ አየ። ሲነሳ ፊቱ ላይ የነበረው ጥድፊያ የለም። ገዢውን ወደ ውጭ ይዞት ወጣ፤ ምን እንዳለው ባይሰማም ሰውየው አልተመለሰም።

«ሞተሩን የሚያስነሳልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለች ልጅቱ። «አባባ፣ ይግቡልኝ።»

ሞተሩ ተነሳ። የጭሱን መውጫ ለአፍታ በእርጥብ ጨርቅ አፈነችው፤ መጋጠሚያው ላይ የቀባችው የሳሙና አረፋ አንድም አልተነፋም። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠች። ፉጨት የለም። ጨርቁን ስትለቀው ጭሱ ሁሉ ከኋላ በኩል ወጣ።

አባትየው በመስኮት ወደ እሷ አዘነበሉ። ድምፃቸው ቀነሰ። «እና… የእኔ እርጅና አልነበረም?»

አዎ ለማለት አፏን ከፍታ ተወችው።

«የቱ የጭሱ፣ የቱ የዕድሜ እንደሆነ አላውቅም አባባ። ሌላ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ እኔው ነኝ የምወስድዎት። ግን ያንን ጭስ ቀኑን ሙሉ ሲምገው የዋለ፣ ጎረምሳም ቢሆን ይደፋል።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ጊዜ ነቀነቁ።

መኪናውን ከክሪኩ አወረደችው፤ እጇን ጠርጋ ጋቢና ገባች። «እስከ አደባባዩ ደርሰን እንመለስ። መስኮቶቹ ይዘጉ።»

«በዚህ ሙቀት?»

«በዚህ ሙቀት።»

መስታወቶቹን ከፍ አደረጉ። አየሩ የቆዳ ወንበርና የአቧራ ሽታ ብቻ ነበረው። ልጅቱ ከአባቷ ዓይን ዓይኗን አልነቀለችም።

«አታፍጪብኝ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው መሃል ላይ የተሰቀለውን የኋላ መመልከቻ አዩና ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «ይሄን መስታወት ማን ነው የነካው?»

በሁለት ጣታቸው ያዙት፤ ወደ ታች፣ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ እንደገና ቅንጣት ወደ ታች መለሱት፤ የኋላው መስኮት በሙሉ ለገዛ ዓይናቸው እስኪታይ ድረስ። አንደኛ ማርሽ አስገቡ።