የሻሼ የፊልም ዘፈን

አልጋነሽ እርጥብ ጣቷን ካውያው ላይ ነካ አድርጋ ሙቀቱን ትሞክርና የአሠሪዋን ባል ሸሚዝ ኮሌታ ትዘረጋለች። ማዳመጫውን የሰካችው በአንድ ጆሮዋ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ጆሮዋ አሠሪዋ ማዳም ናዒማ ስትጣራ እንዲሰማ ክፍት መሆን አለበት። ባልየውና እንግዶቹ ሳሎን ውስጥ ጫት ላይ ናቸው፤ ወሬው ገና አልሞቀላቸውም።

ዘፈኑ ይጀምራል፣ ያ መጀመር ከተባለ። ክራር የለው፣ ከበሮ የለው፤ አንዲት ሴት አፏን ገጥማ ስታንጎራጉር፣ ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ደረት ሲመቱ ይሰማል። የምታንጎራጉረው የአልጋነሽ ታናሽ እህት ሻሼ ናት።

ሻሼ ኮምቦልቻ ውስጥ ከኪነት ቡድን ጋር ስታዜም ኖራ ዘንድሮ ቀንቷት ለፊልም ተመረጠች። በሰው አገር፣ ከባሕሩ ጫፍ ባለው የፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር፣ አልጋነሽ ይህን ያልነገረቻት የቤት ሠራተኛ የለችም። አርብ ዕለት፣ በእረፍታቸው ሰዓት፣ ጓደኞቿን ሰብስባ ደረቷን ነፍታ ሻሼ የላከችላትን ዘፈን በስልኳ ብትከፍት ሙሾ ሆኖ አረፈው። ለካ ፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሞቶ እየተለቀሰ ነው። አንዷ አማተበች፣ ሌላዋ ሳቋን ዋጠች፤ አልጋነሽ በኀፍረት የምትገባበት ጠፋት። ቤት ተመልሳ ደግማ ስትከፍተው ደግሞ ድሬዳዋ ተወልዳ ስላደገች አማርኛ የምታውቀው ማዳም ናዒማ ሰማች። ሰው ባልሞተበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይከፈት ብላ ከለከለች።

ሻሼ ግን በደወለች ቁጥር የምትጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ዘፈኑን ሰማሽው ወይ? አልጋነሽም ሰምቼዋለሁ፣ ያምራል ትላለች። ውሸቱ ሲከብዳት ልብስ ስትተኩስ ትንሽ ትንሽ ትሰማው ጀመር። መጀመሪያ የወደደችው ሻሼ ትንፋሽ የምትስብበትን ቦታ ነው። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ስላደጉ ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች። ቆይቶ እንጉርጉሮው ሰሃን ስታጥብ ሳታስበው ከአፏ ይወጣ ጀመር። ዛሬ ዛሬ ሳትሰማው ከዋለች፣ ሳሎን እንደተቀመጡት ሰዎች ሐራራ ይይዛታል። ያልገባት ግጥሙ ብቻ ነው፤ ቃሉ በሴቶቹ ለቅሶ ተውጦ አይለይላትም።

ድንገት መብራት ይጠፋል። ካውያው ይበርዳል፣ የማቀዝቀዣው ጩኸት ይቆማል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። አልጋነሽ ሁለተኛውንም ማዳመጫ ትሰካና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ትመልሰዋለች። ከለቅሶው ስር የሻሼ ቃል ጥርት ብሎ ይመጣል፦

ስንደዶ በአፍሽ ይዘሽ መሶብ ስትሰፊ፣
ክዳኑን ሳትጨርሺ ወዴት ነው ምታልፊ።

እናታቸው መሶብ ሰፊ ናት። ስንደዶውን የምታርጥበው በአፏ ይዛ ነው። እንዲህ የማታደርግ ሰፊ የት አለች፣ ትላለች አልጋነሽ ለራሷ፤ ግን ደግሞ ገበሬውንና መሶቡን ምን አገናኛቸው? እጇ ሸሚዙ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ከባሕሩ ጫፍ ሆና ስትደውል እህትዬ፣
እማዬ ጠበል ናት አልኳት እንዳትደነግጥ ብዬ።

ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች። ከክረምት ወዲህ የእናቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። አገናኙኝ ባለች ቁጥር ጠበል ናት፣ ገበያ ወጥታለች፣ ተኝታለች ይሏታል። እሷም ታምን ነበር፤ ማመኑ ይሻላት ነበርና። በአገሯ፣ ሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። እስኪመለስ ይጠበቃል፤ ከተመለሰ በኋላ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ይረዳል። ሻሼንም አጎታቸው አፏን እንድትይዝ ሳያስምላት አልቀረም። እሷ ግን በፊልሙ ገበሬ አሳባ እናቷን አለቀሰች፤ ለእህቷም ላከችላት። አልጋነሽ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰሃን እያጠበች ስታንጎራጉር የኖረችው የእናቷን ሙሾ ነው። ጮኻ እንዳታለቅስ ደግሞ ያለችው ሰው ቤት ነው።

ትደውላለች። ሻሼ ከሰላምታው ቀጥላ እንደ ልማዷ ትጠይቃለች።

"እታለም፣ ዘፈኑን ሰማሽው?"

"ሰማሁት።"

"ደህና አድርገሽ?"

"ጠበል የምትዪው ጋ ደረስኩ።"

ሻሼ ስለ ዘፈኑ መጠየቋን ትተዋለች።

"አጠገብሽ ሰው አለ?"

አልጋነሽ ቀና ስትል ማዳም ናዒማ በሩ ላይ ቆማለች። ስለ ሸሚዙ መዘግየት ልትቆጣ ጀምራ ግማሽ ላይ ታቆማለች። የአልጋነሽን ፊት ታያለች፣ ስልኩን ታያለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከጎኗ ባዶው ወለል ላይ ትቀመጣለች።

"አለ" ትላለች አልጋነሽ። "ሰው አለ።"