ዝናብ ብቻ የምትጠጣ ሣር

ካሳሁን በዕድሜው ብዙ ሰው ንቋል፤ እንደ ተከራዩ እንደ ቶፊቅ አድርጎ የናቀው ግን የለም።

ቶፊቅ የግራና ተወላጅ ነው፤ ወልድያ ባዮሎጂ ያስተምራል። ዕድሜው አርባ ሊደፍን ምንም አልቀረውም፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለው ሣር ነው። በተከራያት ክፍል በረንዳ ላይ፣ ከጫካ ከዛፍ ግንድ ላይ የለቀመውን የዛፍ ሽበት በሽቦ ቅርጫት ሞልቶ ሰቅሏል፤ ከሽበቱ መሐል ደግሞ ምላስ የመሰለ ቅጠል ያላት ተክል በቅላለች።

«ይቺ ሥር የላትም፣ ጋሽ ካሳሁን» ብሎት ነበር መጀመሪያ ሰሞን። «በአገሯ የምትኖረው ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ነው። ሽበቱ ውስጥ ከጤፍ የማይበልጡ ፊኛዎች አሏት፤ ውሃ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት በነሱ እየሳበች ትበላለች።»

«ፍሬዋ ይበላል?»

«አይ፣ አይበላም። አበባዋ ነው ደስ የሚለው፤ ነጭ ነው። ካበበች በዓመት አንዴ ነው።»

ካሳሁን ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ የማይረባ ነገር ሲያይ ያውቃል።

ሣሯ ደግሞ ቅንጡ ነበረች። የቧንቧና የወንዝ ውሃ ጨው ስላለበት ይገድላታል፤ የምትጠጣው የዝናብ ውሃ ብቻ ነው። ለዚሁ ሲባል ቶፊቅ ከአሸንዳው ሥር ሁለት በርሜል ገትሮ፣ ክዳናቸውን ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል።

ነሐሴ ላይ ታጣቂዎች ከተማዋን ያዙ። መብራት ጠፋ፤ ቧንቧው ደረቀ፤ ስልክ ተቋረጠ። እግር ያለው ወደ መርሳና ወደ ደሴ ወረደ። ካሳሁን «ቤቴን ለማን ጥዬ» ብሎ ቀረ። እውነቱን ለመናገር መንገዱንም አይችለውም ነበር፤ ኩላሊቱ ጠጠር ይሠራል። ሐኪሙ ንጹሕ ውሃ በብዛት ካልጠጣህ አንድ ቀን እዚያው ትቀራለህ ብሎታል። ያ ሐኪምም ደሴ ገብቷል።

ሰዉ ወንዝ ይወርድ ጀመር። ሌላዋ ተከራይ መሪማ በጭራሮ እያፈላች ብትጠጣም፣ ከሆድ ቁርጠት አላመለጠችም። የካሳሁን ቤት ግን ደህና ነበር።

«ነሐሴ መግቢያ ላይ አራት ጀሪካን ያስሞላሁት እኔ ነኝ» ይላል ላገኘው ሁሉ። «አስቦ የሚኖር ሰው አይጠማም።»

መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት ገባ፤ ይህንኑ ይላል። ሚስቱ ፋንቱ ማድ ቤት ካለው ጋን በጣሳ ቀድታ ታመጣለታለች። እሱ ማድ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ወንድ ልጅ ምን ሊሠራ?

የሚያንገበግበው የቶፊቅ ነገር ነበር። ጎሕ ሲቀድ በርሜሉን ይከፍታል፤ ትንሿን ጀሪካን ሞልቶ በነጠላ ይሸፍንና በጓሮ በኩል ይዞራል። ካሳሁን በመስኮት እያየ ምራቁን ይተፋል።

«ለሣሯ ቁርስ ሊያበላ ሄደ» ይላል።

«ተው እንጂ» ትላለች ፋንቱ።

አንድ ቀን በሩ ላይ አገኘው። ቶፊቅ ድፍርስ የወንዝ ውሃ ተሸክሞ ዳገቱን ወጥቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ሱሪው በቀበቶ ካልሆነ አይቆምም።

«ይኸ ለማን ነው?» አለው ካሳሁን።

«ለራሴ ነው፣ ጋሼ።»

«ሁለት በርሜል የሰማይ ውሃ እያለህ?»

ቶፊቅ ዓይኑን ሰበረ። «እሱ የሚተርፍ አይደለም።»

ካሳሁን ሳቀ። ሰውየው ጭቃ ይጠጣል፤ ሣሯ ጠበል ትጠጣለች። የተማረ ደንቆሮ ይሉሃል ይኸ ነው። ያን ቀን ምሳውን እየበላ ለፋንቱ ደጋግሞ ነገራት። ፋንቱ አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

ኅዳር ላይ ቶፊቅ ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው፤ የሄደ ሁሉ አይመለስም።

«ፈርጥጧል» አለ ካሳሁን። «ሣሩን ለማን ጥሎ እንደሆነ እንጃ።» ከዚያ መዶሻ አነሳ። በገዛ ግቢው ያለ ውሃ ሣር ሲጠጣው ቆሞ አያይም።

«ጋሽ ካሳሁን፣ በአላህ ይተዉት» አለች መሪማ።

«አንቺም ትጠጪያለሽ። ዞር በይ።»

የመጀመሪያውን ቁልፍ ሰበረ። በርሜሉ ባዶ ነው። ሁለተኛውን ሰበረ። ታቹ ላይ ዝገትና የሞተች በረሮ አለች።

ወደ በረንዳው ወጣ። ቅርጫቶቹ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ሽበቱ ግን እንደ ገለባ ደርቆ በእጁ ውስጥ ብትን አለ። ቅጠሎቹ ጠቁረው ተሸብሽበዋል። ዛሬ ትናንት የሞቱ አይደሉም፤ ወር አልፏቸዋል።

ካሳሁን ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም።

«ሸጦታል» አለ። «ሰው በውሃ ጥም እያለቀ እሱ እየዞረ ሲሸጥ ነበር። እኔ ሞኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሌባ ኖሯል።»

መሪማ ፊቷን አዙራ ወደ ክፍሏ ገባች። ካሳሁን የቶፊቅን ፍራሽና መጻሕፍት አውጥቶ ግቢው መሐል ከመረ። ቢመለስ እንኳ በሩ አይከፈትለትም። ሥራው ሲያልቅ ጎኑን ይወጋው ጀመር፤ አፉ ደረቀ።

ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። «ውሃ ስጪኝ» አለ። «ለዚያ ሌባ ዕቃውን ወርውሬለት መጣሁ።»

ፋንቱ ማድ ቤት ገብታ ቆየች። ስትመለስ ጣሳው ግማሽ እንኳ አልሞላም።

«ቀስ ብለህ ጠጣ» አለችው። «ቶፊቅ ሲሰጠን ከከረመው ውሃ የቀረው ይኸው ነው፤ ላንተ ሌላ ፍለጋ ከወጣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ።»