ከወደቡ አፍ ውጭ

የጣሪያውን በር ማጠፊያ ግራሶ እቀባለሁ። ማጠፊያው አይጮህም፤ መቀመጫ ያጣሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ የምታጥብለትን ሆቴል አንሶላ በሙሉ ጣሪያው ላይ አስጥታለች። ከሰፈሩ አጣቢዎች ዛሬ ያሰጣች እሷ ብቻ ናት።

እኛ ሰፈር መርከብ ሲታይ ልብስ ይሰበሰባል። የጭሱ ጥላሸት እርጥብ ጨርቅ ይወዳል። ባለፈው የጠቆረ አንሶላ የደረሳቸው የሆቴሉ ሰዎች፣ ዳግመኛ እንዲህ ከመጣ ሌላ አጣቢ እንፈልጋለን ብለዋታል። የምንበላው ከዚያው ነው።

የዛሬዋ መርከብ ሞተረኛ ግን ልጃችን ነው። ትናንት ደውሎ፣ አገሮች ተስማምተው ያወጡት ሕግ አለ፣ ወደብ ሳንገባ ጥላሸታሙን ወፍራም ነዳጅ ዘግተን ንጹሑን እንከፍታለን፣ አንቺ አስጪ አላት። የእናት ሆድ ነው፤ አሰጣች።

መርከቧ ብቅ ትላለች። ጭሷ ከሰል ነው።

ጎረቤታችን ከማዶ ጣሪያ፣ "ልጅሽ ሰላምታውን አስቀደመልሽ" ትላለች።

ነፋሱ ከባሕር ወደ እኛ ይነፍሳል። ማጠፊያውን ትቼ እሮጣለሁ፤ የፊተኛውን አንሶላ ጨምድጄ እይዛለሁ።

"ተወው፣ ቃል ሰጥቶኛል" ትላለች ባለቤቴ።

"ቃል ጥላሸት አያጥብም። ደግሞስ መርከቧን የሚያዛት እሱ ነው?"

"ተወው አልኩህ።"

እለቀዋለሁ። እንደገና እነሳለሁ፣ እንደገና እቀመጣለሁ። መርከቧ ከወደቡ አፍ ሳትደርስ ትቆማለች። ጎረቤታችን ተበላሽታ ይሆናል ትላለች። እኔም እንደዚያው አስባለሁ። ስልኩ ይጮኻል፤ ባለቤቴ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች።

"እማዬ፣ ወፍራሙ ነዳጅ ከቧንቧው ገና አልተጠረገም። ሳይጸዳ አንገባም ብዬ ስላስቆምኳት ካፒቴኑ ተቆጥቶኛል። አሰጣሽ?"

"አስጥቻለሁ።"

ስልኩን ትዘጋዋለች። ወደ እኔም አታይም።

ጥቁሩ ጭስ ቀስ እያለ ይሳሳል፤ ግራጫ ይሆናል፤ በኋላ እሱም ይጠፋል። ጎረቤታችን ወደ ውስጥ ገብታ የልብስ ሳፋዋን ይዛ ትወጣለች። ማስጣት ትጀምራለች።

መርከቧ ስትገባ ባለቤቴ አንሶላዎቹን ከዳር ጀምራ እየገለጠች ታያለች። ሁሉም ነጭ ነው። የፊተኛው ጋ ስትደርስ ትቆማለች።

ነጩ ላይ፣ እስከ አውራ ጣቱ፣ የግራሶ እጄ ታትሟል።