በዴኦሊንዳ ጋራዥ ግድግዳ ላይ

«ይሄ ነገር አሁኑኑ ይነሳ» አለ ዌንደል ፕራተር፣ ከጋራዡ በር አጠገብ የተለጠፈውን ቀይ ማስታወቂያ በጣቱ እያመለከተ። የከተማው የልማት ቢሮ ሰው ነው። ከመኪናው ሲሮጥ ዣንጥላውን እንኳ ስላልዘረጋ ካፖርቱ በዝናብ ርሷል።

ዴኦሊንዳ ሲልቬራ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አየችው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ ድምፅ የሚሰጠው እሷ ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናዋን ታወጣለች፣ ወለሉን ታጥባለች፣ ሳጥኑ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ የጣቢያው ኃላፊም ራሷ ናት። የዛሬው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። መንግሥት የሰው ቤት ወስዶ ለነጋዴ እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ ቀርቧል፤ ይጽደቅ ወይስ ይውደቅ፣ ሕዝቡ ነው የሚወስነው። የከተማው አስተዳደር ደግሞ ይህን ሰፈር ጠርጎ የገበያ አዳራሽ ሊያሠራበት ቆርጧል። ለመፍረስ የመጀመሪያው የእሷ ቤት ነው።

«የቱ ነገር?» አለች።

«ወረቀቱ ነዋ፣ ወይዘሮ ሲልቬራ። ምርጫ ጣቢያ አጠገብ ቅስቀሳ ክልክል መሆኑን እርስዎ አያጡትም።»

መች አጣችው! «ቤቴን አልሰጥም» የሚለውን ሰሌዳዋን ትናንት በገዛ እጇ ከግቢው ነቅላ አልጋ ሥር ከታዋለች። ከጠዋት ጀምሮም ስለ ሕጉ ትንፍሽ አላለችም። ቤቱ ግን እንዲሁ የሚለቀቅ አይደለም። ባሏ አማሮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቤት የሠራው ዕድሜ ልኩን የሰው ላም ሲያልብ ኖሮ ነው።

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት?» አለች። «አንተው አይደለህ እንዴ፣ ባለፈው ሳምንት እዚችው ቆመህ፣ ሙጫው በእጅህ ላይ እየወረደ?»

ከተሰለፉት መሃል ኦዴል ሳቀ፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ አፉ አያርፍም። «እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልን ዌንደል፤ መነጽሬን ረስቼዋለሁ።»

«ኦዴል፣ እዚህ ወሬ የለም» አለችው ዴኦሊንዳ። «ተራህን ጠብቅ።»

ማንበብስ ሁሉም አንብቦታል። «ይህ ቤት ለልማት ስለሚፈለግ በከተማው ይወሰዳል» ይላል በትልልቁ። የመጣ ሁሉ እሱን ያነባል፣ ቤቱን ሽቅብ ያያል፣ ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል።

ዌንደል ጥፍሩን ከወረቀቱ ጠርዝ ሥር ሰደደና ድንገት ቆመ።

«ምነው? ቅደደዋ» አለች። «ሠላሳ ቀን ሳይሞላው ከተነሳ ቤቱን የመውሰዱ ነገር እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል ይላል ከሥሩ። እናንተው ናችሁ የጻፋችሁት። እኔ እጅህን አልይዝህ።»

ነገሩ የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ ሆነበት። ቢያነሳው ከተማው የደከመበት ሁሉ ገደል ይገባል፤ ቢተወው ወረቀቱ እስከ ማታ ለዴኦሊንዳ ሲቀሰቅስ ሊውል ነው። ግራ ቀኙን አየና ዣንጥላውን ዘረጋ። ከዚያ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ማስታወቂያው ፊት ተገተረ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ዌንደል ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አይፍረዱብኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታዝዤ ነው።»

ዴኦሊንዳ ተነሥታ አጠገቡ ሄደች። «መታዘዝህን አውቃለሁ። ይህን የምልህ ስለ ምርጫው አይደለም፣ ስለ ቤቴ ነው። ዛሬ ማንም ያሸንፍ ማን፣ እኔ ከዚህ አልወጣም። ማሽናችሁን ስታመጡ ውስጥ ነኝ። ለአለቆችህ እንደዚህ ብላለች በላቸው።»

 ወደ ወጥ ቤት ገብታ ወንበር ይዛ ወጣችና ከኋላው፣ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችለት።

«ቁጭ በል። ሳጥኑ የሚዘጋው ማታ ሁለት ሰዓት ነው፤ እግርህ አይችልም። ቤት እስካለኝ ድረስ ሰው ደጄ ላይ አላቆምም።»

ዌንደል ወንበሩን አየ፤ አልተቀመጠም። ቁጭ ካለ ወረቀቱ ከራሱ በላይ ይታያል።

ትንሽ ቆይቶ ልጅ ያቀፈች፣ ለሰፈሩ አዲስ የሆነች ሴት መጣች። ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ዣንጥላውን እንደ ጋሻ ይዞ ስታይ ቆም አለች።

«ይቅርታ፣ ምን ሸፍነህ ነው?»

 ዌንደል ወደ ዴኦሊንዳ ዞረ። እሷ አንገቷን ደፍታ ከመዝገቡ ላይ የኦዴልን ስም ትፈልጋለች፤ ለመራጭ ስለ ወረቀቱ ማውራት አይፈቀድላትም።

ዌንደል ዣንጥላውን አጠፈና ተቀመጠ። ሴትየዋ ልጇን ወደ ሌላው ክንዷ አዛውራ ጠጋ አለች፤ ከራሱ በላይ ያለውን ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች።